ጢሙን የተላጨው ሳጥን

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ከሐይቁ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በቆመው የጋራ የልብ ምርምር ማዕከል፣ የፍሪዘር ቁጥር ሦስት ጓጉንቸር ተቆርጦ ተገኘ። ከውስጡ የጠፋው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። ከጫማ ካርቶን ያንሳል፤ ሕፃን ልጅ በብብቱ ይዞት ሊሮጥ ይችላል። ግን በዚያ ሳጥን ውስጥ የስልሳ ሁለት ቤተሰብ ደም፣ ልባቸው በአርባ ዓመታቸው ሳያስጠነቅቅ ቀጥ የሚል የስልሳ ሁለት ቤተሰብ ደም፣ በጣት ጫፍ በሚያክል ብልቃጥ ተሞልቶ ተደርድሮ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተለቀመ ነው። ከሰጡት ሰዎች ግማሾቹ አሁን አፈር ለብሰዋል፤ እባካችሁ ድገሙልን አይባሉም።

የዚያን ቀን ብርድ እንደነበረ ቢነገር የሚያምን አይገኝም፤ ስለዚህ ግማሹን ቀንሶ ማውራት ይሻላል። ውሻ ጮኾ ድምፁ ጎረቤት እስኪደርስ ጎረቤቱ ቁርሱን በልቶ ይጨርስ ነበር።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ኦርቪል ሃካላ ተሰጠ። ለማንስ ሊሰጥ ኖሯል! የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ያለው ሦስት መርማሪ ነው፤ አንዱ እረፍት ወጥቷል፣ አንዱ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ተኝቷል፣ ሦስተኛው ሃካላ ነው። ሃካላ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ አራት ሺህ የተሰረቀ ብስክሌት አስመልሷል፤ ከነዚህ ሁለቱን ያገኛቸው ገና ሳይሰረቁ ነው። ይህን ራሱ ነው የሚናገረው፤ ሚስቱ ደግሞ አላስተባበለችም።

ወደ ፍሪዘሮቹ በሚያስገባው ኮሪደር በር ላይ ማርጅ ፕሬቢች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ጠበቀችው። ማርጅ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የሕዋስ ተመራማሪዎች ተባብረው እንዲሠሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ከተሰበሰቡ ወዲህ በእርግጥ የሚጋሩት ሦስት ነገር ነው፦ ቡና ማፍያውን፣ ጭቅጭቁንና ማርጅን።

«ቦቲህን አውልቅ፣ ኦርቪል።»

«ማርጅ፣ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ እኮ ነው!»

«ወንጀለኛውም አውልቆ ነው የገባው። ወለሌ ላይ የበረዶ ጭቃ ይታይሃል?»

አይታይም። ሃካላ ይህን በማስታወሻው ጻፈና ቦቲውን አውልቆ በካልሲ ገባ። ከፍሪዘር ቁጥር ሦስት ፊት ሲደርስ አንድ ነገር ተረከዙን እንደ እባብ ነደፈው።

«ኧረ ካልሲዬ! ማርጅ፣ እዚህ ሐይቅ አለ!»

«ትንሽ እርጥበት ነው። አንተ ደግሞ ነገር ታጋንናለህ።»

ጓጉንቸሩን አንስቶ አገላበጠው። የብረቱ ቀለበት ተቆርጦ ቁራጩ ለብቻው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ቁራጩ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ባዶ ነው። ከፍሪዘሩ ግንባር ላይ ደግሞ አንድ ክብ ወረቀት በቀስታ ይዞራል፤ ቀይ ብዕር የውስጡን ቅዝቃዜ ሰባት ቀን ሙሉ ይጽፍበታል።

«ይህን ወረቀት ማን ይቀይረዋል?»

«እኔ። ሰኞ ሰኞ። ካንተ ጋብቻ በፊት ጀምሮ።»

ሃካላ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ለምን እንዳነሳው ቢጠየቅ ያን ጊዜ አያውቀውም ነበር፤ በኋላ ግን አውቄ ነው ያነሳሁት እያለ ለግማሽ ከተማ አውርቷል።

ቢሮው ሳይደርስ ዲኑ ደወለ። «የበሩን ካርድ መዝገብ አይቼዋለሁ። ማክሰኞ መጨረሻ የገባችው ፓ ኒያ ቫንግ ናት፣ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋት ማንም የለም። ሳጥኑ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተገኘ አሰናብታታለሁ። ለማዕከሉ ሰው እንዳትነግር።»

ፓ ኒያ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ የሕዋስ ተመራማሪ። ወላጆቿ በስደት የመጡ፣ ሕሞንግ የሚባል ሕዝብ ተወላጆች ናቸው፤ ሴንት ፖል ከተማ ገበያ ውስጥ አትክልት ይሸጣሉ። ከማዕከሉ ዳይሬክተር ከፕሮፌሰር ሃልቮር ኔስ ጋር ስምንት ዓመት ሠርታለች። የስልሳ ሁለቱን ቤተሰብ ስም፣ የልጆቻቸውን ልደት፣ የውሾቻቸውን ባሕርይ ጭምር በቃሏ ታውቃለች። ረቡዕ ጠዋት ባዶውን መደርደሪያ አይታ የጮኸችው እሷ ናት፤ ጩኸቷን ከሐይቁ ማዶ ያሉት ሰዎች ሰምተው ሰዓታቸውን አስተካክለውበታል ይባላል።

«ማክሰኞ ማታ ብቻሽን ነበርሽ?» አላት ሃካላ።

እጆቿን አየች። «ካርዱ እንደሱ ይላል አይደል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ካርዱን አልጠየቅኩም፤ አንቺን ነው።»

«ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ። ፍሪዘር ቁጥር ሦስትን አልነካሁም። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ሌላ ብትይ የሚጠቅምሽስ ከሆነ?»

ቀና አለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ጋሼ፣ ሳጥኑን ፈልጉልኝ። እኔን ተዉኝ።»

ሃካላ ሌባ ያውቃል። አራት ሺህ ብስክሌት ቀልድ አይደለም። ሌባ «እኔን ተዉኝ» ይላል እንጂ «ሳጥኑን ፈልጉልኝ» አይልም።

ሌባ የሚመስል ሰው ግን ወዲያው ተገኘ። ዶክተር ዌንደል ስታውት የመሐንዲሶቹ አለቃ ነው፤ በማሽን የሚታተም የልብ ሥጋ ይሠራል፤ አንገቱ እንደ በሬ፣ ድምፁ እንደ መርከብ ጥሩምባ። ባለፈው ወር ከሳጥኑ ግማሹን ስጡኝ ብሎ ፕሮፌሰር ኔስ ሲከለክሉት፣ በስብሰባ መሐል «አንድ ቀን ይዤው እጠፋለሁ!» ማለቱን አሥራ አራት ሰው መስክሯል። የመኪና ማቆሚያው ካሜራ ደግሞ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ሲጭን አሳየ። ያን ቀን «አሞኛል» ብሎ ከስብሰባ ቀርቶ ነበር።

ሃካላ ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

«ሰማያዊውን ሣጥን ክፈተው።»

ስታውት ላቡ መጣ፤ በዚያ ብርድ! «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እንደሚመስለው አይደለም።»

«ክፈተው አልኩህ።»

ተከፈተ። ስድስት ዓሣ። እያንዳንዳቸው የሰው ክንድ የሚያህሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ኢንስፔክተሩን ያዩታል።

«ታምመህ አልነበረም እንዴ?»

«የትብብር ስብሰባ ነበር፣ ወንድሜ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ትብብር! የሐይቅ በረዶ ላይ ቀዳዳ ቦርቡሬ ዓሣ ሳጠምድ ብውል ምን ይገርማል? እባክህ ለዲኑ አትንገር።»

«የት ነው የያዝካቸው?»

«እሱንማ ብትገድለኝም አልናገርም።»

ሃካላ አከበረው። ለሚስጥሩ የሚሞት ሰው ለሳጥን አይዋሽም። የቀረበለትን የተጠበሰ ዓሣ እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ተቀበለና ጠየቀው።

«ያን ሳጥን ከሕንፃው ያወጣ ሰው ደሙን እንዴት ያቆየዋል?»

«በደረቅ በረዶ ብቻ፤ ከተራው በረዶ እጅግ በሚቀዘቅዘው። አለዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሾርባ ነው።»

«ውጭ ያለው ብርድስ?»

«የኛ ብርድ? ለብልቃጦቹ በጋ ነው!» ስታውት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ግን ቆይ እስቲ… የደረቅ በረዶው በርሜል ሰኞ ነው የተሞላው። ትናንት ሳየው ላዩ አልተነካም። ማንም አንድ ማንኪያ አልጨለፈም።»

ስለዚህ ሳጥኑ ከሕንፃው አልወጣም። ሃካላ የዓሣውን አጥንት ሳህኑ ላይ አስተካክሎ ተነሳ።

ፕሮፌሰር ሃልቮር ኔስ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በዱሉዝ ከሚመታው ልብ ሦስት አራተኛው የሚመታው በሳቸው ፈቃድ ነው፤ የሃካላ አባት ልብም በሳቸው እጅ አሥራ ሰባት ዓመት ተጨምሮለት፣ ሽማግሌው በዚያ ጭማሪ ሁለት ጊዜ አግብቷል። ቢሯቸው በመጻሕፍትና በአጃ ዳቦ ፍርፋሪ የተሞላ ነው።

«የኤይኖ ልጅ! ግባ፣ ግባ። ካልሲህን ምን ነካው?»

«ፍሪዘሩ ፊት ያለውን ውሃ ዛሬም ረገጥኩ፣ ፕሮፌሰር። ማክሰኞ ማታ እዚያ ሄደው ነበር?»

«ማክሰኞ…» ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አዩ። «ማክሰኞ የስልሳ ሁለቱን ዝርዝር አያለሁ። ሁልጊዜ። ወይስ ሐሙስ ነው?» አንገታቸውን ዳበሱ፤ የፍሪዘሩ ቁልፍ በቀይ የሱፍ ክር ሁልጊዜ እዚያ ይንጠለጠል ነበር። የለም። «ቤት ትቼው ይሆናል። ኢንስፔክተር፣ ሳጥኑ ካልተገኘ እነዚያን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ? ደማቸውን ሲሰጡኝ ልጆቻችንን አደራ ነው ያሉኝ።»

«ይገኛል።»

«ፓ ኒያን አይዞሽ በላት። ቆማ እንዳትበላም ንገራት። ይህ ወንበር የሷ ነው፤ እኔ የተቀመጥኩት እስክትመጣ ነው።» ከዚያ ወደ ታች አዩና ፊታቸው በአዲስ ርኅራኄ ተሞላ። «የኔ ልጅ፣ ካልሲህን ምን ነካው?»

ሃካላ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጉዳይ እንዳይፈታ የተመኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ኩባያ ቡና ይዞ ወደ ማዕከሉ ሲያዘግም፣ አንድ የማያውቀው ሰው ካርዱን አስነክቶ በሩን ከፈተና ሃካላን ከሩቅ አይቶ በሩን ይዞለት ቆመ። ሃካላ ገና መቶ እርምጃ ይቀረዋል። በዚህ ከተማ አንድ ሰው በር ከያዘልህ እጁ ቢደርቅም አይለቅም፤ አንተም ብትወድቅም ትሮጣለህ። ሃካላ ቡናውን ጓንቱ ላይ እየደፋ ሮጠ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ችግር የለም!» አለ ሰውየው፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ!»

ገብቶ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ባለበት ደረቀ። መዝገቡ የጻፈው የዚያን ሰው ካርድ ብቻ ነው። ኢንስፔክተር ኦርቪል ሃካላ፣ መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን ፖሊስ፣ ዛሬ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አልገባም!

ፓ ኒያ በር ይዛለች። ለማን? ሥራዋን እስክታጣ ድረስ ስሙን ለማትጠራው ሰው።

ስልኩን አውጥቶ የክቡን ወረቀት ፎቶ አየ። ቀዩ መስመር የሚጀምረው ከሰኞ አይደለም፤ ከረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው። ስርቆቱ ከመታወቁ በፊት አንድ ሰው አሮጌውን ወረቀት አንስቶ አዲስ አስገብቷል። ሌባ ቢሆን ወረቀቱን ቀዶ ይሄድ ነበር። ይህ ሰው ግን ብዕሩን በትክክለኛው ቀንና በትክክለኛው ሰዓት ላይ አስቀምጦታል።

ማርጅን ቢሮዋ ውስጥ አገኛትና አንዱን ቡና ሰጣት።

«ፍሪዘሮቹን ሁሉ አሳዪኝ።»

«ረቡዕ አይተሃቸው የለም?»

«ረቡዕ የጠፋ ሳጥን ነበር የምፈልገው። ዛሬ ያልጠፋ ነው።»

ማርጅ ቡናውን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። ሃካላ ቦቲውን አወለቀ። አንድ በአንድ ከፈተችለት፤ ብርዱ እንደ ጉም እየፈሰሰ ጉልበታቸውን ዋጠው። ፍሪዘር ቁጥር አምስት ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በሁሉም ላይ አንድ ጽሑፍ አለ፦ የዶክተር በርግክዊስት ነው፤ ሳይጠየቅ አይጣል።

«በርግክዊስት ማነው?»

«ከኛ ጋር ይሠራ ነበር። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትጥሉትም?»

«ሳይጠየቅ አይጣል ይላላ!»

ሃካላ ተንበረከከ። አሥራ አንዱ ሳጥኖች የዘጠኝ ዓመት ውርጭ አብቅለዋል፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ደረት የሚደርስ የመነኩሴ ጢም። አሥራ ሁለተኛው ግን ዛሬ ጠዋት ፀጉር አስተካካይ ቤት የገባ ሙሽራ ይመስላል።

«ማርጅ፣ ይሄኛው ሟች ለምንድነው የተላጨው?»

ማርጅ ጨርቅ አውጥታ የፍሪዘሩን በር መወልወል ጀመረች።

«እኔው ልናገር። ካልሲዬ የራሰው ፍሪዘሩ ማክሰኞ ማታ ተከፍቶ ስላደረ ነው፤ ሌባ አንድ ደቂቃ ከፍቶ ቢዘጋ ውሃ አይተኛም። ጓጉንቸሩ ደግሞ የተቆረጠው ተከፍቶ ሳለ ነው። ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ቁራጩ ቀዳዳው ውስጥ እንደተነከሰ ይቀር ነበር። የተከፈተ ጓጉንቸር ማን ይቆርጣል? በቁልፍ መከፈቱን መደበቅ የፈለገ ሰው። ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ።»

«ሦስት ቀን ፈጀብህ» አለች ማርጅ። ድምፅዋ ግን ለቀልዱ አልበቃም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። የፍሪዘሩ በር ገርበብ ብሏል፣ ወለሉ ሐይቅ ነው፣ ፍሪዘሩ እንደሚያምጥ ሰው ያቃስታል። የሚሞት መስሎኝ መጀመሪያ ያን ሳጥን አንስቼ ወደ ደህናው ሮጥኩ። ስመለስ ጓጉንቸሩ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቁልፉ በላዩ። ቀይ ክሩ።»

«የፕሮፌሰር።»

«በመከር ጊዜም አንድ ምድጃ ሳያጠፉ ሄደው ነበር። ዲኑ አንድ ስህተት ብቻ ነው የቀረዎት ብሏቸዋል። ያን ሁሉ ውሃ ያየ ሰው ማን ረሳ ብሎ ይጠይቃል። ሌባ ከገባ ግን የረሳ ሰው የሚፈልግ የለም። ዛሬ ማታ ድንገት አገኘሁት ብዬ ላወጣው ነበር።»

«ወረቀቱንስ?»

«ሰዓቱን ይናገራላ! በሩ ከማክሰኞ ምሽት አሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ክፍት እንደነበረ ይናገራል።»

«አዲሱ ላይ ከሰኞ ጀምሮ ያለውን መስመር በቀይ ብዕር ሞልተሽው ቢሆን ኖሮ እኮ አትያዢም ነበር።»

ማርጅ ቀና ብላ አየችው፤ የተሰደበች ያህል ነበር። «ወረቀቱ ላይ እንዴት እዋሻለሁ?»

ሃካላ ለመሳቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ዲኑ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ፓ ኒያን ሊያባርራት ነው።»

«ፓ ኒያን? እሷ ምን አገባት?»

«የመጨረሻው ካርድ የሷ ነው። ለፕሮፌሰር በሩን የያዘችው እሷ ናት፤ ሦስት ቀን ሙሉ አፏን ዘግታለች።»

ማርጅ ብድግ አለች። ባልዲው ተንከባሎ በርግክዊስትን መታው። ከደረት ኪሷ አራት ቦታ የታጠፈ ክብ ወረቀት አወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማርጅም ብትሆን ማቃጠል አልቻለችም። ቀዩ መስመር ማክሰኞ ምሽት ሽቅብ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት ላይ ይቆማል።

«ሃምሳ ሁለት» አለች፤ አሁን ዕንባዋ መጣ። «ከዚያ በላይ አልሄደም። አንድም ብልቃጥ አልቀለጠም፣ ኦርቪል። አንድም።»

ፓ ኒያ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ውስጥ ነበረች፤ ቆማ ዳቦ ትበላለች። ማርጅ ሁሉንም ነገር አንድ ሳትደብቅ ተናገረች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ቁልፉን በቀይ ክሩ እላዩ አስቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ የሰው ልብ ሲመታ ይሰማ ነበር፤ ማጋነን አይደለም።

ፕሮፌሰር ኔስ በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት። አርባ ዓመት የልብ መስመር ያነበቡ ጣት ነው።

«ማክሰኞ ስተኛ» አሉ በቀስታ፣ «የሆነ ነገር ክፍት ትቼ የመጣሁ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ተነስቼ የጋራዡን በር አየሁ።» ወደ ፓ ኒያ ዞሩ። «አንቺ አይተሽኝ ነበር።»

«በር ያዝኩልዎት እንጂ ምንም አላየሁም» አለች።

«ልጄ፣ በኔ ምክንያት ልትባረሪ?»

«እርስዎስ በኔ ምክንያት ስንት ክረምት ሳይተኙ አድረዋል?»

ማርጅ አፍንጫዋን ጠረገች። ሃካላ ካልሲውን አየ።

ሽማግሌው ኮታቸውን ለበሱ፤ ወረቀቱን በእጃቸው ያዙ። «ኢንስፔክተር፣ ዲኑ ጋ እኔ ነኝ የምሄደው። ሳልረሳው ቶሎ ልሂድ።» በራሳቸው ቀልድ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ትንሽ ዘግይተው ተከተሏቸው።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ፓ ኒያ አልተባረረችም፤ የስልሳ ሁለቱ ቤተሰብ ጥናት በስሟ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ቁልፋቸውን አስረከቡ፤ ወንበራቸው ግን ከመስኮቱ አጠገብ ቀረላቸው። ለማርጅ የተግሣጽ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ቀኑን ከላይ በትልቁ ጽፋ ፍሪዘር ቁጥር አምስት ላይ በማግኔት ለጠፈችው፤ ከሥሩም «ሳይጠየቅ አይጣል» ብላ ጨመረች። ስታውት እስከ ዛሬ ቦታውን አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ አራቱም ፍሪዘር ቁጥር ሦስት ፊት ቆሙ። ፕሮፌሰሩ ልዝጋው ብለው ለመኑ። በሩን ገፉት፣ በትከሻቸው ተጫኑት፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ተመለሱ። እጀታውን ሳቡት። ደግመው ሁለት እርምጃ ሄዱ። ተመለሱ። ማንም ሰዓቱን አላየም፤ ሃካላም ሌላው ካልሲው እየራሰ ቆመ።

ፓ ኒያ እጇን ከሽማግሌው እጅ አጠገብ በሩ ላይ አኖረች።

«ተዘግቷል፣ ፕሮፌሰር።»

በሩን አዩ፤ እሷን አዩ።

«አንቺ ካልሽ ተዘግቷል» አሉና ክንዷን ይዘው ሄዱ።